ከቫውቸር እስከ ሼድ፦ በወላይታ የሥራ ፈጠራ ገንዘብ እንዴት ይመርመር?

መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. የያኔው ርዕሰ ብሔር ዶክተር ሙላቱ ተሾመ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሲከፍቱ፣ 10 ቢሊዮን ብር የሚይዝ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ እንደሚቋቋም አስታወቁ። አገሪቱ በተቃውሞ የተናጠችበት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም የታወጀበት ሰሞን ነበር። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 995/2009 ወጥቶ ገንዘቡ የወጣት ቁጥራቸው እየታየ ለክልሎች ተደለደለ። በያኔው ደቡብ ክልል በኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ በኩል ወደየዞኑና ወደየወረዳው ወረደ። በ1999ኙ ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ300 ሰው በላይ የሚኖርበት፣ የአባት ማሳ ለልጆች ተከፋፍሎ የማይበቃበት የወላይታ ዞን ይህን ገንዘብ በጉጉት ከጠበቁት አንዱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፈንዱ በወላይታ ሶዶም በሁምቦ ባለችው በተበላ ከተማም ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንደኛው "ወጣቱ ወስዶ አልመለሰም" ይላል። ሁለተኛው "መጀመሪያውኑ ለሚገባው አልደረሰም" ይላል። ሁለቱም በየቦታቸው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የትኛው የት እንደሆነ ለይቶ ማሳየት ያለበት ኦዲት ነው። የሥራ ፈጠራ ገንዘብ ኦዲት ግን አሁን ባለው አሠራር ሒሳቡ ከቢሮ በወጣበት ደጃፍ ላይ ይቆማል። ወጣቱ ሥራ መጀመሩን፣ ላሚቱ መገዛቷን፣ ሼዱ ውስጥ ማን እንዳለ ለማወቅ ከዚያ ደጃፍ ማለፍ ያስፈልጋል። የክልልና የወረዳ አደረጃጀት በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ወደዚያ የሚወስደው ዱካ እየጠፋ ነው።

ገንዘቡ የሚወርድባቸው ቦዮች

"የመንግሥት ድጋፍ" በሚል አንድ ስም የሚጠሩ፣ ባሕርያቸው ግን የተለያየ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ተዘዋዋሪ ፈንዱ ነው። ይህ ብድር ነው። ወጣቶች ተደራጅተው፣ የሥራ ዕቅድ አቅርበው፣ የተወሰነ ቆጥበው፣ እርስ በርስ ተዋስተው ይበደራሉ። "ተዘዋዋሪ" መባሉም ስም ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ቡድን የመለሰው ለቀጣዩ ቡድን ይሰጣል ተብሎ የታሰበ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ሳይመልስ ሲቀር የሚጎዳው አበዳሪው ብቻ ሳይሆን ወረፋ የያዘው የሰፈሩ ልጅ ጭምር ነው።

ሁለተኛው የማይመለስ ድጋፍ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሁምቦን ጨምሮ በወላይታ ወረዳዎች ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው። በአራተኛው ምዕራፉ ብድር መውሰድ ለማይችሉ እጅግ ድሃ ቤተሰቦች ወደ 200 ዶላር የሚገመት የአንድ ጊዜ የኑሮ ማሻሻያ ድጋፍ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ተጠቃሚው በቀበሌ ግብረ ኃይል ይለያል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሥራ ዕቅዱን አብሮት ያወጣል፤ ክፍያው በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋል። ቅር የተሰኘ ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል።

ሦስተኛው በዓይነት የሚሰጠው ነው፤ ሼድ፣ መሸጫ ቦታ፣ በሊዝ የሚገኝ ማሽን፣ የገበያ ትስስር። በገንዘብ ስለማይቆጠር ከሁሉ ያነሰ የሚመረመረው ይኸኛው ነው። በአስፋልት ዳር ያለ አንድ ሼድ በአነስተኛ ኪራይ ለዓመታት መያዝ ግን ከብዙ ብድር የበለጠ ጥቅም ሊሆን ይችላል።

ሦስት መርማሪ፣ ሙሉውን የሚያይ ግን የለም

የፌዴራል ዋና ኦዲተር ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማና ልዩ ድጋፍ የመመርመር ሥልጣን አለው። ክልሉ የራሱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አለው፤ የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ ያያል። አበዳሪው ተቋም ደግሞ የውጭ ኦዲተር አለው፤ ከላይ ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠረዋል።

ወረቀት ላይ ሲታይ ክፍተት የለም። ገንዘቡን ተከትሎ ሲኬድ ግን አንዱ መርማሪ ያቆመበት ላይ ሌላው አይጀምርም። ለፌዴራሉ መርማሪ ገንዘቡ ለክልሉ አበዳሪ ከተላለፈ ዋናው ነገር ተፈጽሟል። የአበዳሪው የውጭ ኦዲተር የሚያየው የብድር መዝገቡ ትክክል መሆኑን፣ ለማይመለስ ብድር መጠባበቂያ መያዙን ነው። ቡድኑ እውነተኛ ይሁን የስም ዝርዝር ብቻ የእሱ ጥያቄ አይደለም። የክልሉ ኦዲተር የወረዳውን ሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤት ሲመረምር ደመወዙን፣ ነዳጁን፣ የውሎ አበሉን ያያል እንጂ ጽሕፈት ቤቱ ደግፎ ለብድር የላከው ቡድን ገንዘብ በሌላ ተቋም መዝገብ ላይ ስለሆነ አያገኘውም።

እዚህ ላይ ኃላፊነትም ይከፋፈላል። ቡድኑን ያደራጀውና "ብቁ ነው" ብሎ የፈረመው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ገንዘቡን የሰጠው አበዳሪው ነው፤ ገንዘቡ የመንግሥት ነው። ብድሩ ሲበላሽ አበዳሪው "ወረዳው ያመጣው ነው"፣ ወረዳው "ብድር መሰብሰብ የአበዳሪው ሥራ ነው" ማለት ይችላል፤ ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። የራሱን ካፒታል ያላበደረ ተቋም ለማስመለስ የሚተጋው ትጋት የተለየ መሆኑም የሚያስገርም አይደለም። ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ በ2014 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ባንክነት ሲያድግ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ከበደ፤ ባንክ በተበላሸ ብድር መጠን የሚመዘን ተቋም ነውና።

ወረቀቱ የሚያሳየውና የማያሳየው

የኑሮ ማሻሻያ ድጋፍ የተከፈለበትን አንድ የክፍያ ዝርዝር በዓይነ ሕሊናችን እንመልከተው። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ የሥራ ዓይነት፣ የብር መጠን፣ ፊርማ። በፊርማው ዓምድ ላይ አብዛኛው ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ ነው። በሥራ ዓይነት ዓምድ "በግ ማሞከት" የሚለው በተከታታይ ረድፍ ይደጋገማል፤ ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ መጻፍ ሰልችቶት ከላይ ወደ ታች የ"ከላይኛው ጋር አንድ ነው" ምልክት አድርጓል። ከታች ሦስት ፊርማና አንድ ክብ ማኅተም አለ።

የሒሳብና የሕጋዊነት ኦዲት ይህን ዝርዝር ከቫውቸሩ ጋር ያመሳክራል። ድምሩ ልክ ነው? የጸደቀ ነው? ማኅተም አለው? እነዚህ ከተሟሉ "ነቀፌታ የለበትም" ይባላል። ለባለሙያ ግን ዝርዝሩ ራሱ ይጠይቃል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ በግ ማሞከትን የመረጡት በእውነት ፈልገው ነው ወይስ ዕቅዱ ቢሮ ውስጥ ተጽፎ ነው? ሁሉም በአንድ ሳምንት ገበያ ሲወጡ የበግ ዋጋ ምን ሆነ? አሻራው የማን ነው? ይህን የሚጠይቀው የክዋኔ ኦዲት ነው፤ የክዋኔ ኦዲት ደግሞ ጊዜና መኪና፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰውም ይፈልጋል።

ሜዳ ወርዶ ማየትም ሥራውን ካላወቁት ያሳስታል። የወላይታ ገበሬ በሬ የሚያደልበው ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ነው። በዓሉ መስከረም ላይ ሲሆን ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት የሰንጋ ዋጋ ይንራል፤ ጉረኖው ባዶ የሚሆነውም ያኔ ነው። በጥር የተገዛ በሬ ተሽጦ ትርፉ ለልጅ ደብተርና ለጣሪያ ቆርቆሮ ከዋለ በኋላ ኦዲተሩ ጥቅምት ላይ ቢመጣ ባዶ ጉረኖ አይቶ "ንብረቱ በቦታው አልተገኘም" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ከሁሉ የተሳካለት ቤተሰብ በግኝት ዝርዝር ውስጥ ሰፈረ ማለት ነው። ከብትን ለሌላ ቤት ሰጥቶ በድርሻ ማርባት የቆየ ልማድ በመሆኑም በሬው ጎረቤት ዘንድ ሊገኝ ይችላል። በአንጻሩ ለምርመራው ዕለት ከዘመድ በውሰት ታስሮ የቆመ በሬ "በቦታው ተገኝቷል" ያስብላል። ስለዚህ የሚጠየቀው በሬው ዛሬ አለ ወይ ሳይሆን መቼ ከማን ተገዛ፣ መቼ ለማን ተሸጠ፣ በገንዘቡ ምን ተደረገበት ነው። ሻጩ፣ ደላላው፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው ካለ።

ሼድ ላይ ነገሩ ይቀላል። ለብረታ ብረት ሥራ ቡድን የተሰጠ ሼድ ውስጥ የተቆለለ የእህል ጆንያ ከተገኘ ሼዱ ለሦስተኛ ወገን ተከራይቷል ማለት ነው። ውል ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

የተከፋፈለ መዝገብ

ፈንዱ ሲጀመር ሁምቦ አንድ ወረዳ ነበር። በኋላ አበላ አባያ ከሁምቦ ተለይቶ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆነ፤ ተበላ ከተማም የራሱን የከተማ አስተዳደር ያዘ። በ2010 ዓ.ም. ሁምቦ ወረዳ ላይ ተደራጅቶ የተበደረ አንድ ቡድን አባላቱ ዛሬ በሦስት አስተዳደሮች ሥር ሊኖሩ ይችላሉ። መዝገቡ የትኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው? ደብዳቤ ቢጻፍ ለማን ይጻፋል?

በክልል ደረጃም ተመሳሳይ ነገር ተከስቷል። ከደቡብ ክልል ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጡ። ጥር 29 ቀን 2015 በወላይታና በሌሎች አካባቢዎች አዲስ ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ የወላይታው ውጤት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ ሰኔ 12 ተደገመ፤ ነሐሴ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወላይታ ሶዶን የአስተዳደር መቀመጫው አድርጎ ተመሠረተ። ሐዋሳ የነበሩ ቢሮዎች ተነሡ፤ ሀብትና ዕዳ ለአዲሶቹ ክልሎች ተከፋፈለ። በርክክብ ጊዜ ተሽከርካሪና ሕንፃ ይቆጠራል። የተሰብሳቢ ሒሳብ መዝገብ ግን የሚቆጠር እንጂ የሚጣራ አይደለም፤ "ይህን ያህል ተሰብሳቢ አለ" ተብሎ ይሻገራል። በመካከሉ በነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮች ታስረው ነበር፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ኃላፊዎች በየጊዜው ተቀያይረዋል። ለቡድኖቹ ምስክር የነበሩት ሰዎች አሁን ወንበሩ ላይ የሉም።

ሌላም ጫና አለ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በዞኑ መምህራንና ጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ሲዘገይና ሲቆራረጥ ቆይቷል፤ ለማዳበሪያ ዕዳ ከበጀት የሚቆረጠው ገንዘብ አንዱ ምክንያት ሆኖ ሲነሣ ነበር። ደመወዝ መክፈል ያቃተው አስተዳደር ለሌላ ዓላማ የተቀመጠ ገንዘብ አጠገቡ ሲያይ የሚደርስበት ፈተና ግልጽ ነው። "ለጊዜው ተወስዶ ይመለሳል" የሚለው ውሳኔ የሚጀምረው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ በኦዲት ቋንቋ ግን ገንዘብን ከተፈቀደለት ዓላማ ውጪ ማዋል ነው፣ ተመላሹም አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል።

መዘግየት ደግሞ ዋጋ አለው። ፈንዱ ሲቋቋም አንድ ዶላር በ22 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2010 የተበደረ ቡድን ዋናውን ገንዘብ ሳያጎድል ዛሬ ቢመልስ እንኳ በዚያ ገንዘብ ያኔ የተገዛውን ማሽን መግዛት አይቻልም። ተዘዋዋሪው ገንዘብ በየዓመቱ እየቀለጠ ነው የሚዞረው።

ሁምቦ ውስጥ የተሠራበት ሌላ መንገድ

የሚገርመው፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ውጤቱን መቁጠር ለዚህ አካባቢ አዲስ ሐሳብ አለመሆኑ ነው። በሁምቦ ተራሮች ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ አገግሟል። በ2002 ዓ.ም. በአፍሪካ በትልቅ ደረጃ የመጀመሪያው የደን የካርቦን ፕሮጀክት ሆኖ ተመዘገበ፤ ወርልድ ቪዥን አስተባበረው፣ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ የ165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ክሬዲት ለመግዛት ተዋዋለ። ደኑ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተገምቷል።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው የሒሳብ አሠራሩ ነው። የዛፉ ባለቤቶች በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። ክፍያው የተመሠረተው በእቅድ ላይ ሳይሆን በተለካ ዕድገት ላይ ነው፤ ልኬቱንም ገዢውም ሻጩም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ያረጋግጠው ነበር። ገንዘቡም በማኅበሩ ስም ስለሚገባ አባላቱ የሚጠይቁት የሚያውቁትን ሰው ነበር። ሰባት ማኅበር ከመቶዎች የብድር ቡድን ይልቅ ለመከታተል እንደሚቀል አይካድም፤ ዛፍም እንደ በሬ አይሸጥም። ሆኖም ሦስቱ መርሆች፣ የሚለካ ነገር፣ ከገንዘቡ የማይጠቀም መርማሪ፣ የሚጠይቅ አባል፣ ለሥራ ፈጠራ ገንዘብም ይሠራሉ።

ኦዲቱ ራሱ ምን ያስከፍላል?

ጥብቅ ምርመራ ይሠራል ወይ የሚለው በሌሎች አገሮች ተለክቷል። ኢኮኖሚስቱ ቤንጃሚን ኦልከን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከ600 በላይ መንደሮች የሠሩትን መንገድ አጠና። መንግሥት እንደሚመረምራቸው በእርግጠኝነት በተነገራቸው መንደሮች የጠፋው ወጪ በስምንት መቶኛ ነጥብ ገደማ ቀነሰ። ሕዝቡን ለስብሰባ መጥራት ብቻውን ግን ብዙም ለውጥ አላመጣም። ግኝቱ ሌላም ገጽ አለው። ኦዲት በጠበቀባቸው መንደሮች ዘመድን በፕሮጀክቱ መቅጠር ጨመረ። በሰነድ የሚያዘው መንገድ ሲዘጋ ጥቅም በሰነድ ወደማይያዘው ዞረ ማለት ነው። ወላይታ ውስጥም ቫውቸር ላይ ብቻ ያተኮረ ጥብቅነት ስርቆቱን ወደ ምልመላው ሊያሸጋግረው ይችላል። ዝርዝሩ ንጹሕ ይሆናል፤ በዝርዝሩ የገቡት ግን የኮሚቴው ወገኖች ይሆናሉ። ስለዚህ የምልመላው ቃለ ጉባኤ እና የቅሬታ ሰሚው መዝገብ ከቫውቸሩ እኩል መመርመር አለባቸው። በዓመት አንድም ቅሬታ ያልተመዘገበበት ቀበሌ የሰላም ምልክት ላይሆን ይችላል።

ብራዚል ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረመሩ ከተሞችን በአደባባይ ዕጣ ታወጣ ነበር። ፌራዝና ፊናን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ግኝቱ ከምርጫ በፊት ይፋ በሆነበት፣ በተለይም የአካባቢ ሬዲዮ ባለበት፣ ሙስና የተገኘባቸው ከንቲባዎች የመመረጥ ዕድላቸው ቀነሰ። ሥራውን የሠራው ሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን መሰማቱ ነው። በእኛ አገር የኦዲት ሪፖርት ለምክር ቤት ይቀርባል፣ ቋሚ ኮሚቴ ይወያይበታል፣ መሥሪያ ቤቱ የድርጊት መርሐ ግብር ያቀርባል። በተበላ ከተማ ገበያ ያለች ነጋዴ ግን ስለ ሰፈሯ ቡድን የሚናገረውን ገጽ አታየውም፤ በወላይትኛም አልተነበበላትም።

በሌላ ወገን ያለው አደጋም መታየት አለበት። ኦዲት ሁሉን ስህተት እንደ ወንጀል ከቆጠረ፣ የወረዳው ባለሙያ ለእጅግ ድሃው ከመፈረም ይልቅ ዋስ ላለው ይፈርማል፤ ያኔ ድጋፉ ከታለመለት ሰው ይርቃል። አዲስ ሥራ ደግሞ ይከስራል። ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። 300 ዶላር የማይመለስ ድጋፍና ሥልጠና ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ገደማ ጨመረ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ካላገኙት ጋር ተቀራረቡ። በመጀመሪያው ዓመት የሚመጣ ኦዲተር "ተሳክቷል"፣ በአምስተኛው የሚመጣ "ከስሯል" ሊል ነው፤ ሁለቱም ያዩት አንዱን ሰው ነው። በቅን ልብ የከሰረን ከጅምሩ ካልነበረ ቡድን ጋር በአንድ ዓምድ መጻፍ ግፍ ነው፤ የቀጣዩንም ሰው ሙከራ ይገድላል።

ከዚህ በኋላ ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶች

ሁኔታው እንዳለ ከቀጠለ ተሰብሳቢው ከዓመት ዓመት ይንከባለላል፤ ባንኩ መጠባበቂያ ይይዝበታል፤ የሆነ ጊዜ በአንድ ደብዳቤ ይሰረዛል። ይህ ለማንም ቀላሉ ነው፣ የመሆን ዕድሉም ከፍተኛ ነው። በዚህ መንገድ የመለሰው ቡድን ሞኝ ይሆናል፤ ካልመለሰው ጋር በአንድ ሚዛን ተቀመጠ ማለት ነውና።

ሁለተኛው የዘመቻ መንገድ ነው። ግብረ ኃይል ተቋቁሞ፣ ፖሊስ ታክሎበት፣ ዋሶች ይጠራሉ። ገንዘብ ይገባል፤ የሚገባው ግን በቤቱ ከሚገኘው፣ አድራሻው ከሚታወቀው ሰው ነው። ከአገር የወጣው፣ ሻሸመኔ ወይም አዲስ አበባ የገባው፣ ስሙ ብቻ የነበረው አይገኝም። ታማኙ ዋስ የሌላውን ይከፍላል።

የሚሻለው ብዬ የማምነው ከሁለቱ ይጠብባል፣ ይከብዳልም። ከጠቅላላ ዞኑ ሳይሆን መዝገባቸው ከተከፋፈለው ከሁምቦ፣ ከአበላ አባያና ከተበላ ከተማ ይጀመር። የክልሉ ዋና ኦዲተር፣ ባንኩና ሦስቱ አስተዳደሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የስም ዝርዝራቸውን ያመሳክሩ፤ ይህ ብቻውን ሜዳ ሳይወጣ ብዙ ይለያል። ከተመሳከረው ዝርዝር በአደባባይ ዕጣ ናሙና ይውጣ፤ ዕጣው የወጣበት ቤትና ሼድ ወላይትኛ በሚናገር፣ ከዚያ ወረዳ ባልመጣ መርማሪ ይጎብኝ። ውጤቱ በአራት ይመደብ፤ የመለሰ፣ እየሠራ የዘገየ፣ ሠርቶ የከሰረ፣ ከጅምሩ ያልነበረ። ለዘገየው የመክፈያ ጊዜ ይራዘም፤ ለከሰረው ማስረጃው ታይቶ ይቅር ይባል፤ ላልነበረው ግን የሚጠየቀው ቡድኑን "ብቁ ነው" ብሎ የፈረመው ይሁን።

ወጪው ቀላል አይደለም። የቆላው ቀበሌ መንገድ በክረምት አያስገባም፤ አበልና ነዳጅ ከየት ይምጣ የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ፖለቲካውም አለ፤ አራተኛው ምድብ ውስጥ የሚገኙት ፊርማዎች የዛሬ ባለሥልጣናት ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህም ነው ክልሉ በፈቃዱ ይጀምረዋል ብሎ መጠበቅ የሚከብደው። ግፊቱ ከሁለት አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል። ባንኩ ሒሳቡን ማጥራት ካለበት የተሰብሳቢውን ባለቤት ማወቅ ግድ ይለዋል። የሴፍቲኔት ገንዘብ ለጋሾችም ለቀጣዩ ምዕራፍ ማስረጃ ይፈልጋሉ።

ጊዜው ግን እየጠበበ ነው። በ2010 የፈረሙት ወጣቶች ዛሬ ሠላሳዎቹን እያጋመሱ ነው፤ ከፊሉ አካባቢውን ለቋል። ያኔ ያደራጃቸው የወረዳው ባለሙያ ምናልባት ተዛውሯል፤ ስሞቹን ግን ገና አልረሳም። መርማሪ ቡድን ከወጣ ከጥር እስከ ግንቦት፣ የክረምቱ ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋ፣ ለጊፋታ የሚደልቡት በሬዎች ገና ጉረኖ ውስጥ ሳሉ ይውጣ።